ውይይት ዳኛ ይሻል፤ ዳኛም ይግባኝ



ዛሬ በፊታችሁ የቆምኩት አንድ ጥያቄ ይዤ ነው። ሰዎች በኢንተርኔት ተሰባስበው ሐሳብ የሚለዋወጡበት አደባባይ አወያይ ያስፈልገዋል ወይስ አያስፈልገውም? ጥያቄው ሲሰሙት የኮምፒውተር ባለሙያዎች ጉዳይ ይመስላል። ግን የሁላችንም ነው። ከመካከላችሁ በሰፈር፣ በተማሪ ወላጆች፣ በአብሮ አደጎች ወይም በሙያ ባልደረቦች የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ የሌለ ሰው ያለ አይመስለኝም። ብዙዎቻችሁም አድሚን ናችሁ። ማን ይናገር፣ ምን ይለፍ፣ ምን ይሰረዝ፣ ማን ይውጣ የሚለውን በየቀኑ ትወስናላችሁ፤ ካልሆነም ሌላ ሰው ይወስንባችኋል።

መልሴን ከወዲሁ ልንገራችሁ። ውይይት ዳኛ ይሻል፤ ዳኛም ይግባኝ ይሻል። ዳኛ የሌለው ውይይት የጉልበተኛ ሜዳ ይሆናል። ይግባኝ የሌለበት ዳኝነትም ከጉልበት አይለይም። የዛሬው ንግግሬ የእነዚህ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ማብራሪያ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ዓመተ ምሕረት ካላልኩ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ታሪኩን ከሥሩ እንጀምር። በ1979 በአሜሪካ ኖርዝ ካሮላይና ግዛት፣ በዱክ ዩኒቨርሲቲ፣ ቶም ትረስኮትና ጂም ኤሊስ የተባሉ ሁለት ተማሪዎች ኮምፒውተሮች በስልክ መስመር እየተደዋወሉ ጽሑፍ የሚለዋወጡበትን ዘዴ አሰቡ። ዘዴው በማግሥቱ ዓመት ሥራ ጀመረ፤ ዩዝኔትም ተባለ። ዩዝኔት ዋና መሥሪያ ቤት አልነበረውም፤ ባለቤትም አልነበረውም። በየርዕሱ የተከፈሉ የውይይት ቡድኖች ነበሩት። ሳይንስ የሚወድ ስለ ሳይንስ፣ ምግብ ማብሰል የሚወድ ስለ ምግብ ይጽፋል፤ ዓለም ያነባል። ለዓመታት በደህና የሄደው ግን ሰዎቹ ጥቂት ስለነበሩ ነው። አብዛኞቹ የዩኒቨርሲቲና የምርምር ተቋም ሰዎች ነበሩ። በየዓመቱ መስከረም አዲስ ተማሪዎች ሲገቡ ወጉ ትንሽ ይናጋል፤ ነባሮቹ ይመክራሉ፣ ይቆጣሉ፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እንግዳው ይለምዳል። ከ1993 መገባደጃ ጀምሮ ትልልቅ የኢንተርኔት ኩባንያዎች ለደንበኞቻቸው በሩን ሲከፍቱ ግን አዲስ ሰው ያለማቋረጥ ይጎርፍ ጀመር። መካሪው ከተመካሪው አነሰ። ነባሮቹም ያንን ጊዜ «ማብቂያ የሌለው መስከረም» አሉት።

በ1994 ኤፕሪል 12 ቀን የሆነውን ደግሞ ስሙ። በአሪዞና ግዛት በፊኒክስ ከተማ የሚሠሩ ሎረንስ ካንተርና ማርታ ሲግል የተባሉ ባልና ሚስት ጠበቆች አንድ ማስታወቂያ ከ5,000 ለሚበልጡ የዩዝኔት ቡድኖች በአንድ ጊዜ ላኩ። ስለ ኮከቦች የሚወያየውም፣ ስለ ድመት የሚወያየውም፣ ስለ ፕሮግራም አጻጻፍ የሚወያየውም ያንኑ አንድ ማስታወቂያ አገኘ። ስለ ምን ነበር? እኛ ቤት ውስጥ ሁሉም በስሙ ስለሚያውቀው ነገር፤ ስለ ዲቪ! የግሪን ካርዱ ሎተሪ ገና መጀመሩ ነበር። ለመመዝገብ ክፍያ አይጠየቅም ነበር፤ ማንም ሰው በራሱ ጽፎ በፖስታ መላክ ይችል ነበር። ጠበቆቹ ግን በገንዘብ እናስፈጽምላችሁ አሉ።

ሰዉ ተቆጣ። የተቃውሞ መልእክት በብዛት ከመጉረፉ የተነሳ ለጠበቆቹ አገልግሎት የሚሰጠው ኩባንያ ኮምፒውተሮች በተደጋጋሚ ወደቁ፤ ኩባንያውም መስመራቸውን ዘጋ። እነሱ ግን አላፈሩም፤ በዚህ መንገድ ስለ መነገድ መጽሐፍ ጻፉ። ካንተር በ1997 በቴነሲ ግዛት የጥብቅና ፈቃዱን ሲነጠቅ ይህ ማስታወቂያ ከምክንያቶቹ አንዱ ነበር፤ በዩዝኔት ላይ ግን የሚዳኛቸው አልነበረም። ማስታወቂያው በተሰራጨበት ወቅት አንድ ኖርዌያዊ ፕሮግራመር የጠበቆቹን መልእክት እየተከታተለ የሚሰርዝ ፕሮግራም ሠራ። ብዙዎች አመሰገኑት። ነገሩን ቆም ብላችሁ ብታዩት ግን ይህን ሰው የሾመው የለም። ዛሬ ማስታወቂያ የሰረዘ መሣሪያ ነገ የማይወደውን ሐሳብ ቢሰርዝ ማን ይጠይቀዋል?

ከዚህ ታሪክ የምወስደው ትምህርት ይህ ነው። አወያይ አያስፈልግም ማለት አወያይ አይኖርም ማለት አይደለም፤ ያልተሾመ፣ ያልተመረጠ፣ የማይጠየቅ አወያይ ይመጣል ማለት ነው። አንዴ እፍረት የሌለው ሰው አደባባዩን ይይዘዋል፤ አንዴ ደግሞ የተቆጣ ሰው መሣሪያ አንስቶ በራሱ ፈቃድ ይፈርዳል።

ሦስተኛም ያልተሾመ ዳኛ አለ፤ እሱ ማሽን ነው። ፌስቡክ ስትከፍቱ ከሺህ ጽሑፍ የትኛው ቀድሞ እንዲታያችሁ የሚወስን ስሌት አለ። ከ2017 ጀምሮ ለተወሰነ ጊዜ ይህ ስሌት የቁጣ ምልክትን ጨምሮ ለስሜት መግለጫ ምልክቶች ከ«ላይክ» አምስት እጥፍ ክብደት ይሰጥ እንደነበር በ2021 ይፋ የወጡ የኩባንያው የውስጥ ሰነዶች አሳይተዋል። የሚያስቆጣ ጽሑፍ ከሚያስተምር ጽሑፍ ቀድሞ ወጣ። ይህ ማወያየት አይደለም ትላላችሁ? እጅ ካነሱት መካከል የሚጮኸውን እየመረጠ መድረክ የሚሰጥ ሰብሳቢ ነው። ስለዚህ «በነፃ ይለቀቅ» የሚል ሰው የሚለምነው ነፃነት ከጅምሩ የለም። ምርጫችን በሰው ደንብ በሚሠራ ዳኛና በትርፍ ስሌት በሚሠራ ዳኛ መካከል ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ነጥብ ልሻገር። ዳኛ በሌለበት ቦታ ማን ይጎዳል? ሁሉም እኩል አይጎዳም።

የእንግሊዙ ጋዜጣ ዘ ጋርዲያን በ2016 አንባቢዎቹ በጽሑፎቹ ሥር የተዉትን 70 ሚሊዮን አስተያየት መረመረ። ከነዚህ ውስጥ 1.4 ሚሊዮን ያህሉን፣ ማለትም 2 በመቶውን፣ የጋዜጣው አወያዮች ደንብ ጥሷል ብለው አንስተውት ነበር። የተነሳው አስተያየት በማን ጽሑፍ ሥር እንደበዛ ሲታይ፣ እጅግ ከተሰደቡት 10 ጸሐፊዎች 8ቱ ሴቶች፣ 2ቱ ጥቁር ወንዶች ሆነው ተገኙ። ከሁሉ ያነሰ ስድብ የደረሰባቸው 10 ጸሐፊዎች ደግሞ ሁሉም ወንዶች ነበሩ። ይህ ቁጥር የሚነግረን ስድብ እንደ ዝናብ በሁሉ ላይ እኩል እንደማይወርድ ነው። ስድቡ ሰውን እየመረጠ ይወርዳል፤ የተመረጠውም ሰው ውሎ አድሮ ይደክመውና ብዕሩን ያስቀምጣል።

እዚህ ላይ የነፃነት ወዳጆች የሚዘነጉት አንድ ነገር አለ። የተሰረዘ አስተያየት ይቆጠራል፤ ባለቤቱም ይጮሃል። ፈርቶ ያልተጻፈ አስተያየት ግን አይቆጠርም። ሐሳቧን ጽፋ ለመላክ ስትል ከሥር የሚመጣውን ስድብ አስባ ያጠፋችው ልጅ በማንም መዝገብ ላይ የለችም። የመናገር ነፃነትን የምንመዝን ከሆነ የሁለቱንም ዝምታ እንመዝን፤ አፉን የተያዘውንም፣ ፈርቶ አፉን የያዘውንም።

የአሜሪካው ሕዝባዊ ሬዲዮ ኤን.ፒ.አር. በ2016 በድረ ገጹ የነበረውን የአስተያየት መስጫ ዘጋ። የሰጠው ምክንያት ይህ ነበር፦ በዚያ ዓመት በጁላይ ወር ወደ 33 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ድረ ገጹን ጎበኘ፤ 491,000 አስተያየት ተጻፈ፤ ያን ሁሉ የጻፉት ግን 19,400 ሰዎች ብቻ ነበሩ። ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም፤ 0.06 በመቶ ነው። ፖፑላር ሳይንስ የተባለው መጽሔትም በ2013 እንዲሁ ዘግቶ ነበር። የእነዚህን ተቋማት ውሳኔ ልትነቅፉ ትችላላችሁ። እኔ ግን የማየው ውይይትን በአግባቡ መምራት ሲያቅት መጨረሻው በር መዝጋት መሆኑን ነው። አወያይ የጠሉ ሁሉ ይህን ያስቡ፤ አደባባዩ ራሱ ሊጠፋ ይችላል።

«ደንብ ሲበዛ ሰው ይሸሻል» የሚል ክርክር ደግሞ አለ። ይህ በግምት የሚመለስ ጥያቄ አይደለም፤ ተሞክሯል። ሬዲት በተባለው የውይይት መድረክ ላይ ሚሊዮኖች የሚከታተሉት የሳይንስ መወያያ አለ። ኔተን ማታያስ የተባለ ተመራማሪ በ2,190 ውይይቶች ላይ ሙከራ አደረገ። በከፊሎቹ ላይ የመወያያውን ደንብ ከላይ አስቀመጠ፤ በሌሎቹ ላይ አላስቀመጠም። ውጤቱ በ2019 ታተመ። ደንቡ ከላይ በታየበት ቦታ ደንብ አክብረው የጻፉ አዲስ ገቢዎች ድርሻ ከ8 የመቶኛ ነጥብ በላይ ከፍ አለ። ከዚህ የሚበልጠው ደግሞ የአዲስ ገቢዎች ተሳትፎ በአማካይ 70 በመቶ መጨመሩ ነው። ሰው ደንብ ሲያይ አልሸሸም፤ ደፍሮ ገባ። ምክንያቱ ግልጽ ይመስለኛል፤ እንግዳ ሰው የሚፈራው ደንብ መኖሩን ሳይሆን ሲናገር ምን እንደሚደርስበት አለማወቁን ነው።

«ካባረራችኋቸው ሌላ ቦታ ሄደው ያንኑ ያደርጋሉ» የሚሉም አሉ። ሬዲት በ2015 ሰው በማዋረድ የታወቁ ሁለት ቡድኖችን ዘጋ። በኋላ የተደረገ ጥናት የቡድኖቹን አባላት ተከታተለ። ብዙዎቹ መድረኩን ጨርሰው ለቀቁ። የቀሩት ግን ይጠቀሙበት የነበረውን የጥላቻ ቋንቋ ቢያንስ በ80 በመቶ ቀነሱ፤ የተቀላቀሏቸው ሌሎች ቡድኖችም በጉልህ አልከፉም። ሰው እንደገባበት ቤት ነው የሚናገረው።

ወገኖቼ፣ አሁን ወደ ከባዱ ክፍል መጣሁ። እስካሁን ያልኩትን ሰምቶ ልቡ የተጠራጠረ ሰው ከመካከላችሁ ይኖራል፤ ጥርጣሬው ትክክል ነው። በዚህ አገር «ይህ ይለፍ፣ ይህ አይለፍ» የሚል ድምፅ ስንሰማ ሌላ ነገር ትዝ ይለናል። በደርግ ዘመን አንድ ጽሑፍ ከመታተሙ በፊት በሳንሱር እጅ ማለፍ ነበረበት። በዓሉ ግርማ «ኦሮማይ»ን በ1975 ዓ.ም. ሲያሳትም መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፤ እሱም ከሥራው ተባረረ፤ በ1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም። ቅድመ ምርመራን በሕግ ያስቀረው የ1985 ዓ.ም. የፕሬስ አዋጅ ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 29 ማንኛውም ዓይነት ቅድመ ምርመራ የተከለከለ መሆኑን ደንግጓል። ይህን ያየ ሕዝብ አወያይ ሲባል ሳንሱር ቢመስለው አይፈረድበትም።

ስለዚህ ልዩነቱን በግልጽ ማስቀመጥ ግዴታችን ነው። ሳንሱር አገርን በሙሉ አንድ በር አድርጎ እሱ በሩ ላይ ይቆማል፤ አወያይ ግን የአንድን ቤት ሥርዓት ይጠብቃል፤ እዚያ ቤት ያልተስማማው ሰው ሌላ ቤት መክፈት ይችላል። ሳንሱር ደንቡን አይናገርም፤ ጸሐፊው እንዲገምትና ራሱን እንዲያፍን ይተወዋል። አወያይ ደንቡን አስቀድሞ ይለጥፋል። ሳንሱር የሚጠብቀው ባለሥልጣኑን ከተናጋሪው ነው፤ አወያይ የሚጠብቀው ተናጋሪውን ከአዋኪው ነው። የሳንሱር ውሳኔ ይግባኝ የለውም። የአወያይ ውሳኔ ይግባኝ ከሌለው ደግሞ ስሙ አወያይ ይሁን እንጂ ግብሩ ሳንሱር ነው።

ይህ ግራ መጋባት የእኛ ብቻ አይደለም። አሜሪካኖችም ተደናግረውበታል። በ1991 አንድ የኒው ዮርክ ፌዴራል ፍርድ ቤት ኮምፒውሰርቭ የተባለው ኩባንያ በመድረኩ የሚጻፈውን አስቀድሞ ስለማያይ ለሰዎች ስም ማጥፋት ተጠያቂ አይሆንም አለ። በ1995 ደግሞ ሌላ የኒው ዮርክ ፍርድ ቤት ፕሮዲጂ የተባለውን ኩባንያ ጸያፍ ጽሑፍ እየለየ ስለሚያነሳ እንደ አሳታሚ ተጠያቂ ነው አለው። ሁለቱን ፍርዶች አንድ ላይ ብታነቧቸው የሚወጣው ምክር አስገራሚ ነው፦ ቤትህን ካጸዳህ ትከሰሳለህ፤ ካላጸዳህ ትድናለህ። ኮንግረሱ በማግሥቱ ዓመት፣ በ1996፣ ክፍል 230 በመባል የታወቀውን ሕግ አውጥቶ መድረኮች በቅን ልቡና ስላጸዱ ብቻ እንዳይጠየቁ አደረገ። ሕጉ ዛሬም ድረስ ብዙ ያከራክራል፤ የተነሳበት መሠረታዊ ሐሳብ ግን ትክክል ነው። አወያይነት ሊቀጣ አይገባም።

እንግዲህ ጥሩ ዳኝነት ምን ይመስላል? ይህን ለመማር ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። አባቶቻችን «በላ ልበልሃ» ተባብለው ሲሟገቱ ንግግሩ ስለት ነበረው፤ ምጸት ነበረው፤ ቁጣም ነበረው። ሙግቱ ደም ሳያፈስ ያልቅ የነበረው ግን ዳኛ ስለተቀመጠ፣ ለእያንዳንዱ ተራ ስለነበረው፣ ዋስ ስለሚጠራ፣ የተበደለም ከታች ካለው ሹም እስከ ዙፋን ችሎት ድረስ ይግባኝ ማለት ስለሚችል ነው። በሜዳ ላይ የተጣሉ ሁለት ሰዎችም መንገደኛውን «በሕግ አምላክ» ብለው ያቆሙትና ዳኝተን ይሉት ነበር። ወደ ዘመናችን ስንመጣ ዕድራችንን እዩ። ዕድር የተጻፈ መተዳደሪያ ደንብ አለው። ዳኛውን፣ ጸሐፊውንና ገንዘብ ያዡን አባላት ይመርጣሉ። ስብሰባ ያወከ ይመከራል፣ ካልሰማ ይቀጣል፤ መሰረዝ የመጨረሻው ነው። ዳኛው ራሱ ካጠፋ ጠቅላላ ጉባኤው ያወርደዋል።

ኤሊኖር ኦስትሮም የተባለችው አሜሪካዊት ምሁር በ1990 ባሳተመችው መጽሐፍ ሰዎች የጋራ ሀብታቸውን፣ የግጦሽ መሬቱን፣ የመስኖ ውሃውን፣ ዓሣውን፣ ሳያጠፉ ለዘመናት እንዴት እንዳቆዩ ከስዊዘርላንድ እስከ ጃፓንና ፊሊፒንስ ድረስ አጥንታለች። በ2009 የኖቤል ሽልማት ያገኘችው በዚህ ሥራ ነው። ጸንተው የቆዩት ማኅበረሰቦች የሚጋሯቸው ነገሮች ከዕድር ደንብ ጋር የሚገርም መመሳሰል አላቸው። ደንቡን የሚገዙበት ሰዎች ራሳቸው ያወጡታል። ተቆጣጣሪው ተጠሪነቱ ለአባላቱ ነው። ቅጣቱ ከትንሽ ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ያድጋል። ጠብ ሲነሳ በቅርብና በአነስተኛ ወጪ የሚፈታ መንገድ አለ። ጨዋ ውይይትም የጋራ ሀብት ነው። ሁሉም ይጠቀምበታል፤ ጥቂቶች ሊያጠፉት ይችላሉ።

በኢንተርኔት ላይም ይህን በየፊናቸው የደረሱበት አሉ። ስላሽዶት የተባለው መድረክ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የማወያየት ሥልጣንን ለአንባቢዎቹ በተራ ያድላል። አንባቢው ጥቂት ነጥቦች ይሰጡታል፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ ካልተጠቀመባቸው ይቃጠላሉ። አስተያየቶች ከአሉታዊ 1 እስከ 5 ደረጃ ያገኛሉ፤ ዝቅ ያለው ከዓይን ይርቃል እንጂ አይጠፋም፤ ማየት የፈለገ ያየዋል። ነጥብ የሰጡትን ደግሞ ሌሎች አንባቢዎች ይመዝኗቸዋል። ዳኛውን የሚዳኝ አለ ማለት ነው። ውክፔዲያ ላይ እያንዳንዱ ለውጥ በታሪክ መዝገብ ላይ ይቀመጣል፤ ማን፣ መቼ፣ ምን እንዳነሳ ማንም ያያል። መጋቢዎቹን ተሳታፊዎቹ ራሳቸው መክረው ይሾማሉ። በኤክስ ላይ ያለው የማኅበረሰብ ማስታወሻ ደግሞ አንድ ማብራሪያ በአደባባይ የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ የማይስማሙ ሰዎች ጠቃሚ ነው ብለው ሲስማሙበት ብቻ እንዲሆን አድርጎ ይሠራል። መንገዳቸው ይለያይ እንጂ ሁሉም ሥልጣንን በትነውታል፤ ውሳኔውን አሳይተዋል፤ ዳኛውን ተጠያቂ አድርገዋል።

ስለ ራሳችን ቋንቋዎች ካልተናገርኩ ግን ንግግሬ ጎዶሎ ይሆናል። ትልልቆቹ ኩባንያዎች በእንግሊዝኛ የሚያደርጉትን ጥንቃቄ በሌሎች ቋንቋዎች አላደረጉም። ሮይተርስ እንደዘገበው በ2015 መጀመሪያ ላይ ፌስቡክ ውስጥ አደገኛ ጽሑፎችን የሚመረምሩ የበርማ ቋንቋ ተናጋሪዎች ሁለት ብቻ ነበሩ። በማይንማር በሮሂንጊያዎች ላይ የደረሰውን ዓለም ያውቃል፤ ኩባንያውም በ2018 በቂ ሥራ እንዳልሠራ አምኗል። የፌስቡክ የቀድሞ ሠራተኛ ፍራንሲስ ሃውገን በ2021 ለአሜሪካ ሴኔት ስትመሰክር ከማይንማር አጠገብ የጠራችው የእኛን አገር ነው።

በኖቬምበር 2021 አንድ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር ተገደሉ። ልጃቸው ከሌሎች ከሳሾች ጋር ሆኖ በ2022 መጨረሻ በፌስቡክ ባለቤት ኩባንያ ላይ በኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ባቀረበው ክስ ከግድያው በፊት የአባቱን ስምና ፎቶ ይዘው በፌስቡክ የወጡ ጽሑፎች እንዲነሱ አመልክቶ በጊዜው ሰሚ እንዳላገኘ ይናገራል። ከሳሾቹ ከጠየቋቸው ነገሮች አንዱ በአፍሪካ ቋንቋዎች የሚሠሩ የይዘት መርማሪዎች እንዲጨመሩ ነው። ፍርድ ቤቱ በ2025 ጉዳዩን ለማየት ሥልጣን አለኝ ብሎ ወስኗል። የክሱን መጨረሻ ሕግ ይፈርዳል። አወያይ የማጣት ዋጋ ግን ስድብ ብቻ እንዳልሆነ ለማወቅ የፍርዱን ቀን መጠበቅ አያስፈልገንም።

መርማሪዎቹም ሰዎች መሆናቸውን እናስብ። አማርኛ፣ ኦሮምኛና ትግርኛ የሚያውቁ ወጣቶች ናይሮቢ ተቀምጠው የተቆረጠ አካልና የተቃጠለ ቤት ሲመለከቱ ይውሉ ነበር። እኛ እንዳናይ እነሱ ያያሉ። በ2023 ሜይ 1 ቀን ከ150 በላይ የይዘት መርማሪዎች እዚያው ናይሮቢ ተሰብስበው የሠራተኛ ማኅበር ለማቋቋም ድምፅ ሰጥተዋል። ተገቢ ደመወዝና የሥነ ልቡና ሕክምና ይገባቸዋል። ዳኛ እንፈልጋለን እያልን ዳኛውን ብንጥለው ፍርዱ አይቀናም።

መንግሥትስ? በአገራችን በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የማኅበራዊ ሚዲያ ኩባንያዎች ጥቆማ በደረሳቸው በ24 ሰዓት ውስጥ የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን እንዲያነሱ ይጠይቃል። የጀርመን ሕግም በ2017 ለግልጽ ሕገ ወጥ ጽሑፍ ይህንኑ 24 ሰዓት አስቀምጦ ነበር፤ ቅጣቱም እስከ 50 ሚሊዮን ዩሮ ይደርስ ነበር። ፍጥነት አስፈላጊ ነው፤ ፍጥነት ብቻ ግን አደጋ አለው። ቅጣት የፈራ ኩባንያ ሲጠራጠር ይሰርዛል፤ ንጹሑም አብሮ ይሄዳል። የአውሮፓ ኅብረት በ2022 ያወጣው የዲጂታል አገልግሎቶች ሕግ የተሻለ መንገድ ይዟል። ጽሑፍህ ከተነሳ ምክንያቱ ይነገርህ ይላል፤ አቤቱታ የምታቀርብበት ሥርዓትም ይዘርጋ ይላል። የእኛም ሕግ አንድ ቀን ሲሻሻል ከ24 ሰዓቱ አጠገብ የይግባኝ መብት እንዲጻፍ እመኛለሁ፤ እጠይቃለሁም።

ክቡራትና ክቡራን፣ በውጭ አገር ያሉ ወገኖቻችን ከ1997 ዓ.ም. ምርጫ በኋላ ፓልቶክ በተባለው የኢንተርኔት የድምፅ መወያያ ክፍሎች ሌሊቱን ሲከራከሩ ያደሩበትን ዘመን ታስታውሱታላችሁ። እጅ ይነሳል፣ አድሚኑ ማይክ ይሰጣል፤ የተሳደበ ቀይ ነጥብ ይደረግበትና ዝም ይላል። እጅ ያነሳ ሁሉ ተራው የደረሰባቸው ክፍሎች የተቃወመውንም አስተማሩ። ቀይ ነጥቡ የተቃወመውን ሁሉ ዝም ለማሰኘት የዋለባቸው ክፍሎች ደግሞ እርስ በርስ የሚጨባጨቡ ሰዎች መሰብሰቢያ ሆነው ቀሩ። መሣሪያው አንድ ነበር፤ ልዩነቱን ያመጣው የተጠቃሚው ፍትሕ ነው።

ስለዚህ በየቤቱ፣ በየግሩፑ አድሚን ለሆናችሁ አደራዬ ይህ ነው። ደንባችሁን አጭር አድርጋችሁ ጻፉት፤ አዲስ ሰው ሲገባ ቀድሞ የሚያየው እሱ ይሁን። ጽሑፍ ስታነሱ ምክንያቱን ተናገሩ። ከማስወጣት በፊት ምከሩ፤ ከመከራችሁ በኋላ ለጊዜው አግዱ፤ ብሎክ ማድረግን ለመጨረሻ አቆዩት። ብቻችሁን አትፍረዱ፤ ቢያንስ አንድ በሐሳብ የማይመስላችሁ ሰው አብሯችሁ አድሚን ይሁን። እናንተ የተነካችሁበትን ጉዳይ ሌላው ይየው። ስሕተት የሆነን ሐሳብ በሐሳብ መልሱ፤ የምታነሱት ሰውን የሚያዋርደውን፣ ለጥቃት የሚያነሳሳውንና የሚያጭበረብረውን ይሁን።

ተሳታፊ ለሆናችሁም አደራ አለኝ። ደንብ ሲጣስ አይታችሁ አትለፉ፤ ሪፖርት አድርጉ። የምትደግፉት ሰው ሲሳደብ ቀድማችሁ የምትገሥጹት እናንተ ሁኑ፤ ከእናንተ ሲመጣ ይሰማልና። የማትስማሙበት ሰው ያለ አግባብ ሲባረርም ድምፃችሁን አሰሙ፤ ዛሬ ለእሱ ያልጠየቃችሁት ይግባኝ ነገ ለእናንተ አይገኝም።

ለኩባንያዎቹም እንዲህ እላለሁ። በቋንቋችን ገንዘብ የምታገኙ ከሆነ በቋንቋችን የሚያነቡ፣ በቂ ቁጥር ያላቸው፣ በቂ ደመወዝ የሚከፈላቸው ዳኞች አስቀምጡልን። የሰረዛችሁበትን ምክንያትም በምናነበው ቋንቋ ንገሩን።

አወያይ ያስፈልጋል። ደንቡ የታወቀ፣ ውሳኔው የሚታይ፣ ሲሳሳት የሚታረም አወያይ ያስፈልጋል። ከዚህ ያነሰውን አትቀበሉ።